ተከራካሪ ያጣ ገጽ

የገና ሌሊት ቅዳሴ አልቆ ፀሐይ ከአሸተን ተራራ ጀርባ ብቅ ስትል፣ በላሊበላ ቤተ ማርያም ዙሪያ ያለው ዓለት ነጠላ በለበሰ ሕዝብ ነጭ ይሆናል። ካህናቱ እኩሌቶቹ ከላይ በዓለቱ ጠርዝ፣ እኩሌቶቹ ከታች በግቢው ቆመው «ቤዛ ኩሉ»ን ይቀባበላሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ከበሮው ከዓለቱ ግድግዳ ጋር እየተጋጨ ሲመለስ፣ ከየትኛው ወገን እንደተመታ መለየት ያስቸግራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያ ጠርዝ ላይ ቆሜ ሳለ፣ አጠገቤ የነበረ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ለአስጎብኚያችን ጥያቄ አቀረበለት። «አሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት ብለኸን ነበር፤ እኔ ትናንት ስዞር አሥራ ሁለት ቆጠርኩ» አለው። አስጎብኚው የላስታ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ከሃያ አምስት አይበልጥም። ጣቶቹን ዘርግቶ ይቆጥርልን ጀመር። በአንደኛው ምድብ መድኃኔ ዓለም፣ ማርያም፣ መስቀል፣ ደናግል፣ ጎልጎታና ሚካኤል። በሁለተኛው አማኑኤል፣ መርቆሬዎስ፣ አባ ሊባኖስ፣ ገብርኤልና ሩፋኤል፣ ቤተ ልሔም። ብቻውን ደግሞ ጊዮርጊስ። «ጎልጎታንና ሚካኤልን እንደ አንድ ከያዛችኋቸው አሥራ አንድ ይመጣል፤ መግቢያቸው አንድ ነውና። ለየብቻ ከቆጠራችኋቸው አሥራ ሁለት ነው። ቤተ ልሔም ቤተ መቅደስ ሳይሆን የመሥዋዕቱ ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት ነበር ብሎ የማይቆጥረውም አለ» አለን።

ያን ዕለት ማታ ማረፊያዬ ገብቼ ስልኬን አወጣሁና የእንግሊዝኛውን ውክፔዲያ ከፈትኩ። ስለ ላሊበላ በሚናገረው ጽሑፍ ላይ 11 የሚለውን ቁጥር 12 አደረግኩት። ከየት እንዳመጣሁት አልጻፍኩም። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በእግሬ ረግጬዋለሁ፣ የአገሬው ልጅ በጣቱ ቆጥሮልኛል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል የሚል ስሜት ነበረኝ። ጠዋት ስነሣ ቁጥሩ ወደ 11 ተመልሷል። የመለሰው ሰው አንድ መስመር ጽፎልኛል፤ ምንጭ እንዳልጠቀስኩ፣ ሐሳብ ካለኝም ወደ ውይይት ገጹ መጥቼ እንዳስረዳ የሚጠይቅ ነው። ደሜ ፈላ። ላሊበላን በፎቶግራፍ እንጂ በአካል አይቶት የማያውቅ ሰው፣ እዚሁ ከተማዋ ውስጥ የተቀመጥኩትን እኔን አረመኝ ብዬ ተቆጣሁ።

በዚያው ንዴት የአማርኛውን ገጽ ከፈትኩና ያንኑ ለውጥ አደረግኩ። እዚያ ማንም አልመለሰብኝም። በማግሥቱም፣ በሳምንቱም፣ በወሩም ቁጥሬ እንደተቀመጠ ነበር። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ውሎ አድሮ ግን ያ ዝምታ ከእንግሊዝኛው እርማት ይልቅ እያሳሰበኝ መጣ። 12 ብዬ የጻፍኩት በአንድ የቆጠራ ስልት ትክክል፣ በሌላው ስሕተት የሆነ ነገር ነው። እውነተኛው መልስ አስጎብኚው የነገረን ሦስት ዐረፍተ ነገር ነበር፤ እኔ ደግሞ ሦስቱን ጥዬ አንድ ቁጥር ነው የተከልኩት። እንደዚያ እንዳደረግኩ ግን የጠየቀኝ ሰው የለም። ከሁለት ወር በኋላ ራሴው ገብቼ መለስኩት።

ከዚያ ወዲህ ይህን መዝገበ ዕውቀት የሚጽፉና የሚያርሙ ፈቃደኞች እንዴት እንደሚከራከሩ በቅርብ ስከታተል ቆይቻለሁ። በጥር 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2001) ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር ሲጀምሩት ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ማንም ሰው ገብቶ ይጻፍ፣ ሌላው ገብቶ ያስተካክል። ዛሬ እንግሊዝኛው ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ ይዟል። እያንዳንዱ ጽሑፍ ከሚታየው ፊቱ ኋላ ሁለት ሌሎች ገጾች አሉት። አንዱ ታሪኩ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ አንዲት ነጥብ ሳትቀር ተመዝግባ ትገኛለች። ሁለተኛው ውይይት ነው፤ ጸሐፊዎቹ የሚከራከሩት እዚያ ነው። አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሁለቱም አይገባም። እኔ ግን አንድ ጽሑፍ ስከፍት አሁን አሁን አስቀድሜ የማነበው ውይይቱን ነው። የትኛው ቃል ስንት ሙግት አልፎ እንደቆመ የሚታወቀው ከዚያ ነውና።

በአማርኛው ገጽ ላይ ለውጥ የሚደረግበት ቁልፍ «አርም» ይላል። ቃሉን የመረጠው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባገኘው አመሰግነው ነበር። ማረም መጽሐፍ ማቃናት ነው፤ ማረም አረም መንቀልም ነው። የላስታ ገበሬ በክረምቱ ጤፉ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚውለው ለዚሁ ነው። ጤፍ ለጋ ሳለ ከሣር እምብዛም አይለይም፤ ለማረም የገባ ልጅ ሰብሉን ካላወቀው ጤፉን ነቅሎ ሣሩን ያስቀራል። ስለዚህ ልጁን ብቻውን አይሰዱትም፤ ከአዋቂ ጋር ጎን ለጎን ነው የሚያስገቡት። የመዝገበ ዕውቀቱ ሥርዓትም በሙሉ የተሠራው ለዚህ ችግር ነው። ቁልፉ ለማንም ክፍት ከሆነ፣ ሰብሉን የማያውቀው እጅ እንዳያጠፋ ምን ይደረግ?

መልሱ ጥቂት የጠባይ ሕጎች ናቸው። የመጀመሪያው የሌላውን ሰው አሳብ በቅንነት መውሰድ ነው። ተሳስቶ ይሆናል እንጂ ሊያጠፋ አልመጣም ብሎ መነሣት። ሁለተኛው ስለ ጽሑፉ እንጂ ስለ ጸሐፊው አለመናገር። «ይህ ዐረፍተ ነገር ምንጭ የለውም» ይባላል፤ «አንተ ምን ታውቃለህ» አይባልም። ሦስተኛው መመላለስን መተው ነው። በእንግሊዝኛው አንድ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ የሌሎችን ሥራ ከሦስት ጊዜ በላይ ከመለሰ፣ ትክክለኛው እሱ ቢሆን እንኳ ሊታገድ ይችላል። ይህ ሕግ መጀመሪያ ሳነበው ግፍ መሰለኝ። እውነት የያዘ ሰው ለምን ይታገዳል? በኋላ ግን ገባኝ። እውነት ያልያዘውም ሰው እውነት ይዣለሁ ብሎ ነው የሚመላለሰው። ገጹን የሚጠብቀው የአንዱ ጽናት ሳይሆን የሁለቱም ወደ ውይይት መውረድ ነው። እዚያም ቢሆን ድምፅ በመቁጠር አይወሰንም፤ በምክንያትና በምንጭ ወደ ስምምነት እንዲደርሱ ይጠበቃል። የአገራችን የድሮ ችሎት ተሟጋቾች በላ ልበልሃ ብለው ተራቸውን ጠብቀው ሲናገሩ የነበረውን ያስታውሰኛል። ዘንግ የያዘው ተሟጋች የቱንም ያህል ቢቆጣ የሌላውን ቃል ሳያስጨርስ አይገባበትም ነበር።

ላሊበላ ለዚህ ሁሉ ከባድ መፈተኛ ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ወስደን እንየው፤ አብያተ ክርስቲያናቱን ማን ሠራቸው?

አንድ አማኝ «ቅዱስ ላሊበላ ከመላእክት ጋር ሠራቸው» ብሎ ይጽፋል። ሌላው ይመጣና «ይህ ተረት ነው» ብሎ ይሰርዘዋል። ሦስተኛው «በውጭ አገር ሰዎች የተሠሩ ናቸው» ይላል። ሦስቱም ሊጠቅሱት የሚችሉት ነገር አላቸው። የንጉሡን ገድል ፈረንሳዊው ዣን ፔሩሾን እ.ኤ.አ. በ1892 አሳትሞታል፤ መላእክት ቀን ከሰዎች ጋር፣ ሌሊት ብቻቸውን እንደሠሩ የሚተርከው ትውፊት ዛሬም በካህናቱ አፍ አለ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢውን አይቶ፣ አላምን እንዳይሉት ፈርቶ በፈጣሪ ስም እየማለ ጽፏል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1540 ታትሟል። እዚያ ውስጥ ሥራው በ24 ዓመት እንዳለቀና ነጮች እንደሠሩት ሰዎች ነገሩኝ የሚል ቃል አለ። ግራሃም ሃንኮክ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ የቤተ መቅደሱ ፈረሰኞች (ቴምፕላርስ) የተባሉትን አውሮፓውያን ወደ ላስታ አምጥቷቸዋል። በሌላ ወገን ዴቪድ ፊሊፕሰን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት፣ መርቆሬዎስንና ገብርኤል ወሩፋኤልን የመሳሰሉት ክፍሎች ከንጉሡ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው የተፈለፈሉ፣ መጀመሪያም ለመከላከያ ወይም ለመኖሪያ የታሰቡ ሊሆኑ ይችላሉ ብሏል። ፎቬል አይማር፣ ቦስ ቲየሴና ዴራ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናትም የዓለቱን አቆራረጥ ቅደም ተከተል ተከትሎ፣ ሥራው በአንድ ጊዜ ያላለቀ፣ ብዙ ደረጃዎችን ያለፈ መሆኑን አሳይቷል።

ጥሩ አርታኢ እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ለሁሉም እኩል ቦታ አይሰጥም፤ ይህ ገለልተኝነት አይደለም። ገድሉን «ገድሉ እንደሚተርከው» ብሎ በክብሩ ያስቀምጠዋል፤ አይሰርዘውም፣ እንደ ቁፋሮ ውጤትም አያቀርበውም። የአልቫሬስን ቃል አልቫሬስ ሰማሁ ያለው መሆኑን ይገልጻል። የጥናቶቹን ውጤት ከነልዩነታቸው ይጽፋል። የፈረሰኞቹን ነገር የዘርፉ ተመራማሪዎች ያልተቀበሉት መሆኑን በአንድ መስመር ተናግሮ ያልፋል። በእኔ አስተያየት ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር አይደለም። የእኛ ሰዎች ጠርበው የሠሩትን ከባሕር ማዶ መጥቶ የወሰደ ትረካ እንደ ሌሎቹ እኩል አንቀጽ ከተሰጠው፣ ገጹ ገለልተኛ መስሎ ወገን ይዟል ማለት ነው።

ይህ አጻጻፍ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ተማሪ ንባቡን ካነበበ በኋላ አንድ ትርጉም ይሰጣል፤ ከዚያ «አንድም» ይልና ሁለተኛውን ያመጣል፤ ደግሞ «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን። ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው አይሰረዝም። በጎንደር «ላይ ቤት»ና «ታች ቤት» ተብለው የተለያዩት የትርጓሜ ወገኖችም ልዩነታቸው እስከ ዛሬ በየመምህሩ አፍ ተጠብቆ ይነገራል፤ ተማሪው የማን ቃል እንደሆነ አብሮ ይማራል። ማንኛውም ሐሳብ ከነባለቤቱ እንዲቀመጥ የሚያዘው ያ የኢንተርኔት ሕግ፣ ከላስታ አጠገብ ዋድላ ላይ ቅኔ ለተማረ ሰው አዲስ አይሆንበትም።

የስም ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ጦርነት ነው። የከተማዋ የቀድሞ ስም ሮሃ ይባላል። የዛግዌ ነገሥታት መቀመጫ አደፋ ተብሎም ይጠራል። ላሊበላ ንጉሡ ነው፣ ከተማው ነው፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ናቸው፤ በየደጁ ጎህ ሳይቀድ እያዜሙ ምጽዋት የሚጠይቁትም ላሊበላ ይባላሉ። ታዲያ «ላሊበላ» ብሎ የፈለገ አንባቢ መጀመሪያ የትኛው ላይ ይድረስ? በአውሮፓ ከዚህ የማይተናነስ ሙግት ተካሂዶ ነበር። ፖላንድ ውስጥ ያለችውን የወደብ ከተማ ፖላንዶች ግዳንስክ፣ ጀርመኖች ዳንዚግ ይሏታል። የእንግሊዝኛው አርታኢዎች ሲመላለሱባት ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 ድምፅ እስከመስጠት ደርሰው ስሙን በዘመን ከፋፈሉት፤ ከ1308 እስከ 1945 ያለው ታሪክ ሲነገር ዳንዚግ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ግዳንስክ። ለሮሃም እንዲህ ያለ ውሳኔ ያስፈልጋታል። ያን ለመወሰን ግን ተቃራኒ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች መገናኘት አለባቸው።

በአማርኛ የእኛው ፊደል ተጨማሪ ሥራ ያመጣል። ሮሃ ወይስ ሮሐ? ሥላሴ ወይስ ስላሴ? ፀሐይ ወይስ ጸሐይ? ለጆሮ አንድ የሆነው ለኮምፒውተር ሌላ ነው፤ አንዲት ሆሄ ብትለያይ ሁለት ገጽ ይከፈታል፣ በአንዱ ርእስ ላይም ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ ይጽፋሉ። ለዚህ «መምሪያ መንገድ» የሚባል መላ አለ፤ አንባቢው በየትኛውም ሆሄ ቢጽፍ ወደ አንዱ ገጽ የሚመራው ነው። ዋናው ገጽ በየትኛው ይጻፍ የሚለው ግን አሁንም ሰው ይፈልጋል። ደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላታቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ሲሉ «ዐዲስ»ን በዐይኑ ዐ መጻፋቸው ለሆሄ የተጠነቀቀ ትምህርት ነው፤ ብዙዎቻችን ዛሬ በአልፋው አ እንጽፈዋለን፤ ሁለቱም ወገን የሚለው አለው።

የዘመን አቆጣጠሩም እንደዚሁ። የንጉሥ ላሊበላ ዘመን በተለምዶ ከ1181 እስከ 1221 ተብሎ የሚጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከእንግሊዝኛ የተረጎመ ሰው ከአጠገቡ «ዓ.ም.» ብሎ ሲጨምርበት ንጉሡን በሰባት ስምንት ዓመት ይገፋዋል። በቅንነት የሚደረግ ስሕተት ደግሞ አለ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ይውላል። አንድ ጠንቃቃ ጸሐፊ 28 ብሎ ቢጽፍ፣ ይህን የማያውቅ ሌላ ጠንቃቃ መጥቶ 29 ያደርግበታል። ሁለቱም ሊያጠፉ አልመጡም። አንዱ «ለምን?» ብሎ ካልጠየቀ ግን ሁለቱም ሲመላለሱ ይኖራሉ።

ስለ አነጋገር አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ተከራካሪውን የሚጠራበት ቃል አንድ ነው፤ ሽማግሌም ይሁን ልጅ፣ ሴትም ይሁን ወንድ አይለይም። አማርኛ ግን ገና አፍ ሲከፈት መምረጥ ይጠይቃል፤ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ። በስመ ብዕር የሚጽፍ ሰው ፊቱ አይታይም። አንተ ያልኩት የሰባ ዓመት መሪጌታ ሊሆን ይችላል፤ አንተ ያልኩት ሴት ልትሆን ትችላለች። እኔ በውይይት ገጽ ላይ ማንንም «እርስዎ» ማለት ጀምሬአለሁ። ልዩነቱን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። «እርስዎ የጠቀሱት መጽሐፍ» ብሎ የጀመረ ሰው ዐረፍተ ነገሩን በስድብ ለመጨረስ ይከብደዋል።

ሥርዓቱ ከሁሉ በላይ የሚፈተነው በጦርነት ጊዜ ነው። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ባሉት ወራት ላሊበላ ከአንድ ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች። እንዲህ ባለ ሰሞን አንድ ግሥ ብቻ ወገን ያስይዛል፤ «ተያዘች»፣ «ተወረረች»፣ «ነጻ ወጣች»። የሚጽፉት ሰዎች ዘመድ የሞተባቸው፣ ስልክ ተቋርጦባቸው የእናታቸውን ድምፅ ያልሰሙ ሊሆኑ ይችላሉ። ለእነዚህ ሰዎች ገለልተኛ ሁኑ ማለት ቀላል አይደለም፤ ቀላል አስመስሎ የሚናገር ሰው የሚያውቀው አይመስለኝም። የእንግሊዝኛው መዝገብ የግልግል ኮሚቴ አለው፤ የአፍሪካ ቀንድ ጉዳዮችን አከራካሪ ብሎ ከመደባቸው ርእሶች ውስጥ አስገብቷቸዋል። በእነዚህ ገጾች ላይ ጠባዩን ያበላሸ ሰው በፍጥነት ሊታገድ ይችላል። ገመዱን ማጥበቅ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ጠበቃ የሌለው አዲስ ጸሐፊ መጀመሪያ የሚታነቅበትም ያው ገመድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያ አዲስ ጸሐፊ አገር ቤት ያለው ነው።

ያ አገር ቤት ያለው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ መግባት አይችልም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። በእነዚያ ወራት ስለ ላስታ ከተጻፈው አብዛኛውን የጻፈው ከላስታ ውጭ ያለ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ይህን ማለቴ ውጭ ያሉትን ለመውቀስ አይደለም፤ ብዙውን የአማርኛ ጽሑፍ በሕይወት ያቆዩት እነሱ ናቸው። ግን ቤተ ልሔም የኅብስት ቤት ነው ወይስ ቤተ መቅደስ የሚለውን ለመከራከር አንዱ እግር ዓለቱ ላይ መቆም ነበረበት።

የአማርኛው ውክፔዲያ ወደ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች አሉት፤ በየወሩ የሚሠሩበት እጆች ግን ጥቂት ናቸው። ብዙ የውይይት ገጾቹ ባዶ ናቸው። ባዶ ውይይት ሰላም ሊመስል ይችላል። ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ስኮትላንዶች ሳይወዱ ተምረውታል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2020 በስኮትኛ ቋንቋ የተዘጋጀው ውክፔዲያ ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ ጽሑፎችን የጻፈው ቋንቋውን የማያውቅ አሜሪካዊ ታዳጊ መሆኑ ታወቀ። ልጁ ሊያጠፋ አልፈለገም፤ ገና ልጅ ሳለ ጀምሮ እያገለገልኩ ነው ብሎ ነበር የሚደክመው። ለዓመታት «ይህ እኮ የእኛ ቋንቋ አይደለም» ያለውና የሰማው ሰው አልነበረም። ነገሩ ሲታወቅ የስድብ ናዳ ወረደበት፤ ቋንቋውን የሚወዱ ሰዎች ደግሞ ስድቡን ትታችሁ ኑና አብረን እናርም ብለው ጥሪ አቀረቡ። የእኔ ልብ ከእነዚህ ከሁለተኞቹ ጋር ነው። በአማርኛም እንደዚሁ ከማሽን ትርጉም በቀጥታ የተገለበጡ አንቀጾች ያጋጥሙኛል፤ ቃላቱ የእኛ ናቸው፣ አነጋገሩ የማንም አይደለም። አንባቢውም፣ ከዚህ ገጽ አማርኛ የሚማረው ማሽንም ያንኑ ይወስዳል።

ብዙ እጅ አንድ መጽሐፍ ሊሠራ እንደሚችል ማስረጃ ከሩቅ መፈለግ የለብንም። «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የተባለውን ታላቅ የግእዝ መዝገበ ቃላት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ተማሪያቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሰጡበት፤ እሳቸው ሳያሳትሙት ዐረፉና ተማሪያቸው ደስታ ተክለ ወልድ አጠናቀው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ሦስት ትውልድ፣ አንድ መዝገብ። ያ ሥራ የዘለቀው እያንዳንዱ የቀደመውን አክብሮ፣ ስሕተት ያለውን ደግሞ ስሕተት ብሎ ስለጻፈ ነው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሥርዓት ጋር አላስማማኝም፤ እስከ ዛሬም አላስማማኝም። ሕጉ የታተመ ምንጭ ይጠይቃል። ላስታ ላይ ደግሞ ብዙው ዕውቀት ያልታተመ ነው። ቤተ ገብርኤል ደጅ ተቀምጠው የሚያስተምሩ የኔታ፣ የትኛው ዋሻ በማን ዘመን እንደተዘጋ ከአባታቸው ሰምተው ያውቃሉ። የእሳቸው ቃል አይጠቀስም፤ አንድ ፈረንጅ መጥቶ ሰምቷቸው ቢያሳትመው ግን ይጠቀሳል። ታደሰ ታምራት «ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በኢትዮጵያ» ላይ፣ ሥርግው ሀብለ ሥላሴም በጥንታዊውና በመካከለኛው ዘመን ታሪካቸው የአገር ምንጮችን አሳትመው ለጥቅስ ያበቁት በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ሁለቱም ግን በእንግሊዝኛ ጻፉ። ሕንዳዊው አቻል ፕራባላ እ.ኤ.አ. በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ የሰዎችን ቃል በድምፅ ቀድቶ እንደ ምንጭ ለማቅረብ ሞክሮ ነበር። ሐሳቡ ብዙ ተቃውሞ ገጠመው፤ የሰውን ቃል ማን ያረጋግጣል ተባለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሕጉን ጥቅምም አልክድም፤ ያለዚያ ሕግ እኔም 12 ብዬ እንደ ፈረሰኞቹ ተረት አዲስ ነገር መትከሌ ነበር። ነገር ግን መፍትሔው ሕጉን ማፍረስ ሳይሆን የየኔታን ቃል በአማርኛ፣ እዚሁ፣ ከነስማቸውና ከነቀኑ ማሳተም ይመስለኛል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አይደለም። አንድ ቀጭን መጽሔት ለብዙ ክርክር ምንጭ ይሆን ነበር።

ባለፈው ጊዜ ወደ ላሊበላ ስመለስ ያንኑ አስጎብኚ አገኘሁት። ሥራ ቀዝቅዟል፤ እንግዳ እንደ ድሮው አይመጣም። ቡና ልጋብዝህ ብዬ ከጊዮርጊስ በላይ ካለች አንዲት ቡና ቤት ተቀመጥን። መብራቱ መጥቶ ኔትወርኩም ሲነቃ፣ የአማርኛውን ገጽ ከፍቼ ውይይት የሚለውን ነካሁ። ባዶ ነበር። የቁጥሩን ነገር ጻፍኩ፤ ጎልጎታና ሚካኤል እንደ አንድ ሲቆጠሩ 11 እንደሚሆኑ፣ ለየብቻ 12፣ ቤተ ልሔምን የማይቆጥሩም እንዳሉ። ምንጩን ጠቀስኩ፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው 11 ብሎ መሆኑን ጨመርኩ። ሞገድ የምትመስለውን ምልክት አራት ጊዜ ደርድሬ ፈረምኩ። ስሜና ሰዓቱ ከሥሩ ወጣ።

ልጁ ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ አነበበው። ቡናው በረደበት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በቤተ ልሔሙ አልስማማም» አለ። «የማይቆጥሩም አሉ ያሉት እውነት ነው፤ ግን የሚቆጥሩት ለምን እንደሚቆጥሩት አልጻፉም።»

«አንተው ጻፈዋ።»

«ከእርስዎ በታች?»

«ከእኔ በታች።»

ራሱን ሰብስቦ ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ ጽፎ ሁለት ጊዜ አጠፋው። ሦስተኛው ላይ «እርስዎ እንዳሉት» ብሎ ጀመረ።